ጥፋቱ የካርድ ክፍሏ ሴትዮ አልነበረም

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣ እታለም፦

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ወገብሽን ሻል አለሽ ወይ? የአባባ ጉልበትስ እንዴት ነው? ልጆቹስ? እኔ በአካሌ ደህና ነኝ። ልቤ ግን ደህና አይደለም፤ ሳልጽፍልሽ የቆየሁትም ለዚያ ነው።

ከክሊኒኩ የወጣሁት ሠራተኛ ቀንሰው ነው ብዬሽ ነበር። ዋሽቼሻለሁ። ባለቤቱ ሐኪም በሽተኛ በሞላበት ኮሪደር "አንተ ሽቦ ከመጎተት ሌላ ምን ታውቃለህ?" አለኝ። መለስኩለት፤ አባረረኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ኮምፒውተሮቻቸውን ያስታመምኩት እኔ ነበርኩ። ንግግሩ እንደ እግር እሳት አንገበገበኝ።

በሳምንቱ ቤቴ ቁጭ ብዬ ወደ ክሊኒኩ ኮምፒውተር የምገባበትን የድሮውን የይለፍ ቃሌን ሞከርኩት። አልቀየሩትም። ገብቼ ዝም ብዬ አየሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ አለኝ፤ ካባረሩኝ ቤት ውስጥ ሳያዩኝ የምመላለስ መሰለኝ። በሦስተኛው ቀን የቀጠሮውን መዝገብ እንዳለ አጠፋሁት። የታየኝ የሐኪሙ ፊት ሲደነግጥ ብቻ ነው። አንዱ እናቱን አዝሎ መጥቶ "ቀጠሮ የላችሁም" ተብሎ መመለሱን የሰማሁት ኋላ ነው።

ጥፋቱ የተላከከው ቀጠሮ በምትመዘግበው የካርድ ክፍሏ ሴትዮ ነው፤ ምሳዋን ከእኔ ጋር ተካፍላ የምትበላው። ከሥራ አስወጧት። ባለፈው ወር ታክሲ ሰልፍ ላይ አገኘችኝና እጄን ይዛ፣ "አንተ ታውቃለህ፣ እስቲ ንገረኝ፤ የቱን ነክቼ ይሆን ያጠፋሁት?" አለችኝ። በራሷ እጅ የጠፋ መስሏታል።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እዚያው ነገርኳት። እጄን ለቀቀች። "እኔ ምን አድርጌህ?" ብላ ጥላኝ ሄደች። ምንም አላደረገችኝም፣ እታለም።

በማግስቱ ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ቃሌን ሰጠሁ። እሷን ወደ ሥራዋ መልሰዋታል። እኔን ሰላም አትለኝም፤ አልፈርድባትም። ሰኞ ችሎት እቀርባለሁ። ጠበቃዬ "ተናድጄ ነው በል" ይለኛል። ተናድጄስ ነበር፤ ግን ሦስት ቀን ኮምፒውተሩ ላይ ያስቀመጠኝ ንዴት አይደለም፤ መቻሌ ለራሴ ጥሞኝ ነው።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ። ኮምፒውተር እማራለሁ የምትለውን ትልቋን ልጅሽን ሳሚልኝ፤ እኔን አይታ እንዳትተወው። ትንሹንም ጉንጩን ሳሚልኝ። ለአባባ ደብዳቤዬን ስታነቢለት ክፉውን እየዘለልሽ መሆኑን አውቃለሁ። ይህንን ግን አንድም መስመር ሳታስቀሪ አንብቢለት።

ወንድምሽ
ከተከራየሁባት ክፍል፣ ኅዳር 9 ቀን