ላፕቶፑን ያማሁበት ሳምንት

ሰኞ፣ የካቲት 7

ዛሬም ተቋረጠ። ከቤልጂየም የደወለችው ሴትዮ «ድምፅሽ በደንብ ይሰማኛል፣ ምስልሽም...» ብላ ሳትጨርስ አፏ እንደተከፈተ ስክሪኑ ላይ ደርቃ ቀረች። ከዚያ ጨለማ። ከታች የዋየርለሱ ምልክት ላይ ያቺ ቢጫ ሦስት ማዕዘን መጣች፣ ቀጥሎ ቀዩ ኤክስ።

ደግነቱ የሙከራ ጥሪ ነበር። ዋናው ቃለ መጠይቅ ዓርብ ከሰዓት ነው። መስመሩ ሲመለስ ኢሜይሏን አገኘሁ፤ ዓርብ ዕለት ከተቋረጠ ወደሚቀጥለው አመልካች ለመሄድ እንገደዳለን፣ ይቅርታሽን እንጠይቃለን ትላለች። ትሕትናዋ ራሱ አስፈራኝ።

ቤልጂየም። ሁለት ዓመት። የማስተርስ ትምህርት፣ በእንሰት አጠውልግ በሽታ ላይ። ሆመቾ ከተማ ባዮሎጂ አስተምር ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ሌሞ ወረዳ ውስጥ የገበሬውን ጓሮ እየዞርኩ የደከምኩበት ነገር ነው። ሰው ሁሉ ሲስቅብኝ ነበር። አሁን የሚሰማኝ ሰው ተገኘ፣ መስመሩ ግን አይሰማኝም።

ላፕቶፑን ጠረጠርኩ። ሌላ ምን ልጠርጥር? ወደ ሐዋሳ ከተዛወረ መምህር የገዛሁት አሮጌ ነው። ባትሪው ሞቷል፣ ቻርጀሩ ከተነቀለ አብሮ ይጠፋል። ማጠፊያው ተሰብሮ በፕላስተር ታስሯል። «ዋየርለሱም ዕድሜው ደርሶ ይሆናል» ያለችኝ ብርቱካን ናት። ዋይፋዩ የሷ ነው፤ ከአጥራችን ማዶ ካለው ኮፒ ቤቷ ነው የሚመጣልኝ። ፓስወርዱን የሰጠችኝ ሳልጠይቃት ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብረን ነን፣ መዘምራን ውስጥም የምንቆመው ጎን ለጎን ነው።

እማዬ ከጓሮ ስትገባ «ተሳካልሽ?» አለችኝ። አልተሳካም አልኳት። «አይዞሽ ልጄ» ብላ ራሴን ዳበሰችኝ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 8

ከትምህርት ቤት ስመለስ ልብሴን ሳልቀይር ቁጭ አልኩ። ያደረግኩት፦

— አጥፍቼ አበራሁት። እንደገና አጥፍቼ አበራሁት።
— የብርቱካንን ኔትወርክ ከውስጡ ሰርዤ ፓስወርዱን እንደ አዲስ አስገባሁ።
— የዋየርለሱን ድራይቨር አውጥቼ መልሼ ጫንኩ። ባይመለስስ?
— ኃይል ለመቆጠብ ብሎ ዋየርለሱን በራሱ ጊዜ የሚያጠፋ ማስተካከያ አለ። ፈልጌ ዘጋሁት። እስከዛሬ እንዳለም አላውቅ ነበር።
— ጠረጴዛውን ጎትቼ መስኮቱ ሥር አደረግኩት። የኮፒ ቤቱ ግድግዳ ቆርቆሮ ነው፣ ቆርቆሮ ሲግናል ይበላል ይላሉ።

ሠራ! ምልክቱ ሙሉ ሆነ። ለዓርብ ልለማመድ ብዬ ዱራሜ ላለችው የኮሌጅ ጓደኛዬ በስካይፕ ደወልኩላት። እማዬ ጨው ልዋስ ብላ ወጣች። ጓደኛዬ «ፊትሽን ወደ ብርሃኑ አዙሪው፣ ጥላ ነው የማየው» እያለችኝ ሳለ ድርግም አለ።

ላፕቶፑን በመዳፌ መታሁት። እንደ ሰው ሰደብኩት። «አንተ ከሃዲ!» አልኩት።

ትንሽ ቆይታ ብርቱካን መጣች። አልጋዬ ላይ ተቀምጣ አብራኝ ነካካችው። «መሲዬ፣ እኔ አንቺን ብሆን ሠሪ ጋ እወስደው ነበር። እኔ ጋ መስመሩ ምንም አይልም» አለች። እንደውም ሥራ ስላስፈታኋት ይቅርታ ጠየቅኳት።

አባዬ ካረፈና ዮሐንስ ከሄደ ወዲህ እዚህ ቤት ያለነው እኔና እማዬ ብቻ ነን። ታላቅ ወንድሜ ዮሐንስ በደላላ በየብስ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተነሣ፣ ከማላዊ አንድ ጊዜ ደወለ፣ ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ። እማዬ ስሙን አትጠራም። ስልክ በጮኸ ቁጥር ግን ከተቀመጠችበት ትነሣለች። ስለ ቤልጂየም ልነግራት ስንት ቀን ፈርቼ ነበር። ስነግራት ያለችኝ «እግዚአብሔር ከፈቀደ ሂጂ» ብቻ ነው። ከእናት ከዚህ በላይ ምን ይጠበቃል?

ረቡዕ፣ የካቲት 9

ከትምህርት ቤቱ አንድ ለአምስት ስብሰባ አሞኛል ብዬ ቀረሁ። ግምገማ ላይ ይነሣብኛል፣ ይነሣ።

በባጃጅ ተሳፍሬ መናኸሪያው አጠገብ ያለው ሠሪ ላምቤቦ ጋ ሄድኩ። የላፕቶፑን ጀርባ ፈቶ ብዙ አቧራ አወጣ፣ ሽቦዎቹን ነካክቶ መልሶ ገጠመ። ከሱ ኔትወርክ ጋር አገናኘው። ብዙ ቆየን፣ አንዴም አልተቋረጠም። «በቃ፣ አቧራ ነበር» አለኝ በኩራት። ማመን ፈለግኩ።

ቤት ስደርስ እማዬ የሴቶች ጸሎት ሄዳለች። ከፈትኩት። ያዘ! ሰነዶቼን በሙሉ አወረድኩ። ስለ አጠውልግ የተሠራ ረጅም ቪዲዮ ከዳር እስከ ዳር አየሁ፣ አንዴም ሳይቆም። ብቻዬን እየጨፈርኩ ወለሉን ጠረግኩ።

እማዬ ስትመለስ በር ላይ ነው የነገርኳት። «ተሠራልኝ እኮ! ቤልጂየም ያለችዋ ሴትዮ ማታ ትደውልልኛለች፣ እንደገና ልንሞክር።» እማዬ ነጠላዋን ሳትጥል ቆመች። «ተመስገን» አለች። ከዚያ «ብርቱካን ጋ ደረስ ብዬ ልምጣ፣ ጠርታኛለች» ብላ ወጣች።

ሴትዮዋ ደወለች። ሰላምታ ተለዋወጥን። ጠፋ።

ላምቤቦን ረገምኩ። ላፕቶፑን ረገምኩ። መምህሩን ረገምኩ፣ ሐዋሳ ድረስ። አልጋ ላይ በግንባሬ ተደፍቼ አለቀስኩ፣ እማዬ ስትገባ የተኛሁ መሰልኩ። አጠገቤ ተቀምጣ በቀስታ ስትጸልይ ሰማኋት።

ሐሙስ፣ የካቲት 10

በቅደም ተከተል ልጻፈው፣ ካልሆነ ነገ እኔው ራሴ አላምነውም።

አብሮኝ የሚያስተምረው መምህር ታምራት ተች ስልኩን አዋሰኝ። የኔ ስልክ የቁልፍ ነው፣ ዋይፋይ አያውቅም። ታምራት ያለኝ ይህን ነው፦ «ሁለቱንም ጎን ለጎን አገናኛቸው። ላፕቶፑ ብቻ ከተቋረጠ በሽታው የላፕቶፑ ነው።»

አገናኘኋቸው። ሁለቱም ሠሩ። ለእማዬ «አሁን ልደውል ነው» አልኳት፣ እውነትም ለዱራሜዋ ጓደኛዬ ልደውል ነበር። እማዬ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወጣች።

ሁለቱም እኩል ሞቱ።

መጀመሪያ ደስ አለኝ! ላፕቶፔ ንጹሕ ነው ብዬ። ከዚያ የኔትወርኮቹን ስም ዝርዝር አየሁ። ከሩቁ የሚመጣው የፔንሲዮኑ ስም አለ። የብርቱካን ኮፒ ቤት ስም ግን ከነጭራሹ የለም። ደከመ ወይም ተጨናነቀ ቢሆን ስሙ ይታይ ነበር። ስሙ ከጠፋ ራውተሩ ጠፍቷል ማለት ነው። መብራት ደግሞ አለ፣ አምፖላችን ይበራል።

ምስኪን ብርቱካን፣ ራውተሯ ተበላሽቶ ሳታውቅ ነው ብዬ ልነግራት ሮጥኩ። በእግዚአብሔር ስም፣ እንደዚያ ነው ያሰብኩት።

በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኬ በኋላ በር ገባሁ። ኮፒ ማሽኑ እየሠራ ነው። እማዬ ዱካ ላይ ተቀምጣለች። ብርቱካን የራውተሩን ሶኬት ነቅላ በእጇ ይዛለች።

ማሽኑ ወረቀት ይተፋል።

«ብርቱ?» አልኩ።

«መሲ፣ እኔ...» አለችና እማዬን አየቻት።

እማዬ አልደነገጠችም። በሀዲይኛ ነው የመለሰችልኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር ስትናገር አማርኛ አይመጣላትም። «እሷን ተያት። እኔ ነኝ ንቀይ ያልኳት» አለች።

«ለምን?»

«ዮሐንስ ያንን ደላላ ያገኘው እዚህ ቤት ነው። ያ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ በዚህ መስመር። አንድ ልጄን ከዚህ ቤት ወሰዱብኝ። ሁለተኛዋንም ቁጭ ብዬ ላስወስድ?»

«የኔ ትምህርት ነው እማዬ! ደላላ የለበትም! ሂጂ አላልሽኝም?»

«እግዚአብሔር ከፈቀደ ነው ያልኩሽ።»

«ታዲያ የነቀለው እግዚአብሔር ነው?»

ብርቱካን ማልቀስ ጀመረች። ዮሐንስ በዚያ ኮምፒውተር ሲጻጻፍ አጠገቡ ሆና እያየች አንድ ቃል አለመናገሯን፣ እናቴ መጥታ እግሯ ሥር ስትወድቅ እምቢ ማለት እንዳቃታት ነገረችኝ። «ፓስወርዱን ብቀይርብሽ ትጠይቂኛለሽ፣ ምን እልሻለሁ?» አለች።

ይሄኛው ነው የቆረጠኝ። እናቴስ እናት ናት፣ ልጇን ቀብራ ይሁን ሳትቀብር ሳታውቅ የቀረች እናት። አንቺስ ብርቱ? አልጋዬ ላይ ተቀምጠሽ ቁልፍ ስትነካኪልኝ? ሠሪ ጋ ውሰጂው ስትይኝ? ይቅርታ ስጠይቅሽ «ምን ችግር አለው» ስትይኝ?

ወጣሁ።

ዓርብ፣ የካቲት 11

ጠዋት ብርቱካን በአጥሩ በኩል ጠራችኝ። «ነይ በገመድ አገናኝሻለሁ፣ አይቋረጥም፣ ከበሩ ማንንም አላስገባም» አለች። ገመዱ ባይቋረጥም እጇ እዚያው አጠገብ ነው።

ላፕቶፑን በነጠላ ጠቅልዬ ላምቤቦ ጋ ሄድኩ። እንደሱ ቤት ሳይቋረጥ የሠራልኝ የለም። ከባንኮኒው ጀርባ የተፈቱ ቴሌቪዥኖች መሐል አስቀመጠኝ።

ስክሪኑ ላይ ሦስት ሰዎች ነበሩ። ስለ ባክቴሪያው ጠየቁኝ፣ ስለ ቢላዋው ጠየቁኝ፣ ገበሬው በሽታው ከተክል ወደ ተክል በመቁረጫው እንደሚተላለፍ እያወቀ ለምን እንደማያጸዳው ጠየቁኝ። መለስኩ። ውጪ የመናኸሪያው ረዳቶች «ዱራሜ! ዱራሜ! የሞላ!» ሲሉ ከጠያቂዎቹ አንዱ ሽማግሌ ምን እንደሚጮህ ጠየቀኝ። ወደ ዱራሜ የሚሄድ አውቶቡስ ነው አልኩት። ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፣ በሳምንቱ ለመጀመሪያ ጊዜ።

በመጨረሻ ያቺ ትሑት ሴትዮ «ሁለት ዓመት ረጅም ነው። ቤተሰብሽ ይደግፍሻል?» አለችኝ።

«እናቴ ከማንም በላይ ትደግፈኛለች» አልኩ። እንግሊዝኛዬ እንደዚያች ዓረፍተ ነገር ቀጥ ብሎ ወጥቶ አያውቅም።

አልተቋረጠም። እስከ መጨረሻው። ውጤቱን በኢሜይል እናሳውቅሻለን አሉኝ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 12

ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የሳህን ድምፅ ብቻ ነው። እማዬ ቆጮና ጎመን አቀረበች። በላሁ። ላለመብላት አስቤ ነበር፣ ራበኝ።

«ተሳካልሽ?» አለች። ሳምንቱን ሙሉ የጠየቀችኝ ያው ቃል። ሰኞ ስትጠይቀኝ፣ ማክሰኞ ስትጠይቀኝ መልሱን ከኔ በፊት ታውቀው እንደነበር ትዝ አለኝ።

«አላውቅም» አልኳት።

«አዝነሽብኛል።»

«ስትጸልዪ የሰማሁሽ ረቡዕ ማታ፣ ምን ብለሽ ነበር የጸለይሽው?»

«ይቅር በለኝ ብዬ።»

«ከዚያስ ሐሙስ ለምን ደገምሽው?»

እማዬ ሳህኑን አነሣች። «ነገም ቢሆን አደርገዋለሁ መሲ። አላደርገውም ብዬ አልዋሽሽም። ዋሽቼሽ ሰንብቻለሁ፣ ደከመኝ።»

ስትናደድ መታረቅ ይቻላል። እንዲህ እውነቱን ስትናገር ምን ይደረጋል? ወጥቼ ጓሮ እንሰቶቹ መሐል ቆምኩ። ልብሴ በጤዛ ራሰ።

ብርቱካን ሁለት ጊዜ ደወለች። አላነሣሁም። ታምራት ስልኩን ሊወስድ መጥቶ «በሽታው ተገኘ?» አለኝ። ተገኘ አልኩት። «ምን ነበር?» አለ። አቧራ ነው አልኩት።

እሑድ፣ የካቲት 13

ቤተክርስቲያን ከእማዬ ጋር ሄድኩ፣ ጎን ለጎን። የመዘምራኑን ልብስ አልለበስኩም። ሕዝቡ መሐል ተቀመጥኩ። ብርቱካን ከፊት ቆማ ዘመረች፣ በስተግራዋ የኔ ቦታ ክፍት ነው። ዓይኗ አብጦ ነበር። ልቤ አልራራም ብል ውሸት ነው። ራራ ብልም ውሸት ነው።

የጸሎት ርዕስ ያለው ይነሣ ሲባል እማዬ ተነሣች። በሰው ፊት ተናግራ አታውቅም። ዮሐንስ በጠፋ ጊዜ እንኳ ሌላ ሰው ነው የተነሣላት። ወንበሩን ይዛ ቆመች።

«ልጄ መሠረት ፈተና ተፈትናለች» አለች። «ባሕር ማዶ ላሉ ሰዎች። ውጤቱ ገና ነው። ጸልዩልን።»

ቁጭ አለች።

እንድታልፍ ጸልዩ አላለችም። እንድትወድቅም አላለችም። ወደ እሷ ዞሬ አየሁ፣ እሷ ግን ዓይኗን ጨፍናለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ የምትለው አይሰማም። እጇ ጉልበቴ ላይ አርፏል። መቼ እንዳሳረፈችው አላስተዋልኩም።

የቤተክርስቲያኑ ሽማግሌ ረጅም ጸሎት ጸለየ። ሕዝቡ አሜን አለ። ብርቱካንም ከፊት አሜን ስትል ድምፅዋን ለየሁት።

እማዬ የጸለየችው የቱን እንደሆነ ሳላውቅ እኔም አሜን አልኩ።