ከግድግዳው ያወረድነው ፎቶህ

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ሞላህ። ባለፈው እሑድ ሙት ዓመትህን ዘከርን። ድንኳኑ ያው በራችን ላይ ተተከለ፣ ጎረቤቱም እድርተኛውም ያው መጣ። እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ሳሎን የተሰቀለው የወታደር ፎቶህ ግን በቦታው አልነበረም። ያወረድነው እኛው ነን። ከሰፈራችን ወደ አንተ የሚመጣ ሰው አይጠፋምና፣ ከሌላ ሰምተህ ከምትቀየመን ከእኔው ስማው ብዬ ነው የምጽፍልህ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። እማዬ ስኳሯ አንዳንዴ ከፍ ይላል እንጂ ደህና ናት፤ ምላሷ እንደሆነ ምንም አልቀነሰም። የጓዳው በር አሁንም ካላነሱት አይዘጋም። አናጺ ልጥራ ስላት «ተይው፣ አባትሽ ያስተካክለዋል» አለችኝ፤ በሩም እንደዚያው ቀረ። እኔ ያው አየር ጤና፣ መለዋወጫ ሱቁ ውስጥ ነኝ።

ነገሩ የጀመረው ቀብርህ ዕለት ነው። የእድራችን ጸሐፊ ጋሽ ታምሩ የሕይወት ታሪክህን ሲያነቡ «የጀብዱና የቁስለኛ ሜዳሊያ የተሸለመ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉት። ያን ያስጻፈችው እማዬ ናት። እያለቀሰችም ቢሆን ያን ስትሰማ ቀና ማለቷን አይቻለሁ።

ከአርባህ በኋላ ለእማዬ የጡረታ ጉዳይ የአገልግሎት ማህደርህን ግልባጭ አወጣሁ። የተቀጠርክበት ዘመን አለ፣ የነበርክበት ክፍል አለ፣ የደም ዓይነትህ ሳይቀር አለ። ሜዳሊያ ከሚለው ፊት ለፊት ግን «የለውም» ይላል። ወረቀቱን ኮፒ ያደረግነው ጋሽ ታምሩ ሱቅ ነበርና ወሬው ለመዳረስ ጊዜ አልፈጀበትም። እሳቸውም በእድሩ ስብሰባ ላይ «እኔ የተሰጠኝን ነው ያነበብኩት» አሉ። ከዚያ ወዲያ እማዬ እድር መሄድ አቆመች። «ሬሳ ላይ አስዋሸሁ» እያለች ትብሰለሰል ጀመር።

ይህም ብቻ ቢሆን በቻልኩት። አንድ ቀን ፎቶህን ስትወለውል ደረትህ ላይ ያሉትን ሁለት ሜዳሊያዎች ትኩር ብላ አየችና «ፎቶ ቤት ተውሷቸው ይሆን?» አለችኝ። ሽማግሌ ስትልክባት አንተን ሳታይ ያየችው ያንን ፎቶ እንደሆነ ታውቃለህ። በዓይኗ ያላየቻቸውን ሜዳሊያዎች፣ ጠፉ ስላልካት ብቻ ይህን ሁሉ ዘመን አምናህ ኖራለች። አሁን ግን በሞትክበት መጠርጠር ጀመረች። እኔን ደግሞ ታውቀኛለህ፣ የሸጥኩትን ዕቃ ኦሪጅናል አይደለም ሲሉኝ ደሜ ይፈላል። አባትሽ ፎርጅድ ነው ሲሉኝማ አስበው!

ማህደሩን የሰጠኝ መሥሪያ ቤት ስመላለስ ከረምኩ። ጉዳዩን የያዘችው ልጅ ትሁት ናት፣ አላማርራትም። ሠራዊቱ ሲበተን ብዙ ወረቀት ጠፍቷል አለችኝ። ሜዳሊያው ራሱ ከመጣ ጀርባው ላይ ባለው ቁጥር ተጣርቶ ማህደሩ እንደሚስተካከልም ነገረችኝ። ፎቶህን አሳየኋት። አንገቷን ደፋ አድርጋ «ይቅርታ እህቴ፣ ያኔ ፎቶ ቤት ማዕረግም እየተዋሱ የሚነሱ ነበሩ» አለች። የእማዬን ጥርጣሬ ከማላውቃት ሰው አፍ ስሰማው ፎቶህን ከእጇ ወሰድኩ። ከሙት ዓመትህ በፊት ያለው ሰኞ የመጨረሻ ቀጠሮዬ ሆነ። ያ ሁሉ ሰው ተመልሶ ድንኳናችን ውስጥ ሳይቀመጥ በፊት የተስተካከለውን ወረቀት እጄ ላይ ማድረግ ነበረብኝ።

ከጦር ሜዳ ጓደኞችህ የማውቀው ጋሽ ዘነበን ብቻ ነው። አየር ጤና ሱቃችን አጠገብ ካለው ሻይ ቤት አገኘኋቸውና ሜዳሊያዎቹ የት እንደደረሱ ጠየቅኳቸው። ስኳሩ የሟሟ ሻያቸውን ያማስሉ ጀመር። «ተይው ልጄ» አሉ። አልተውም አልኳቸው። እናቴ ባሏን እየተጠራጠረች ልትሞት ነው ብዬ ጮህኩባቸው፤ የሻይ ቤቱ ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ያኔ ነገሩኝ።

ጓደኛህን ታደለን ከተኩስ መሀል በጀርባህ ተሸክመህ እንዳወጣኸው ነገሩኝ። ትከሻህን የተመታኸው ያኔ ነው። ታደለ ግን ጀርባህ ላይ እንዳለ አረፈ። ቁስልህ ሲያገግም ተሸለምክ፣ ፎቶህን ተነሳህ፣ ከዚያ ለእናቱ መርዶውን እንድትነግር ከእሳቸው ጋር አስኮ አጠገብ ሳንሱሲ ተላክህ። ታደለ የተቀበረው እዚያው ጦር ሜዳ ነው፤ ለቤተሰቡ አንድ ሸሚዝ እንኳን አልመጣም። ለቀስተኞቹ የሟቹን ልብስና መሣሪያ ይዘው ነው የሚያለቅሱት፣ ግቢው ውስጥ ግን የሚያዝ ነገር አልነበረም። እናቱ ባዶ እጃቸውን ሲያወራጩ አንተ ሁለቱን ሜዳሊያ ከደረትህ ፈታህና «የታደለ ናቸው» ብለህ እጃቸው ላይ አደረግክ።

ሳንሱሲ! አባዬ፣ በየዓመቱ የፋሲካ ዋዜማ ዶሮ አንጠልጥለህ «አስኮ ደርሼ ልምጣ» የምትለው ለካ ወደዚያ ነበር። እማዬ አስኮ ልጅ አለው እያለች ስንቴ ቡራ ከረዩ ብላለች! አንተ ሳቅ ብለህ ትወጣለህ እንጂ አንድ ቃል አትተነፍስም ነበር። ለእኔስ ይሁን፣ ለእሷ እንኳን አለመንገርህ አሁንም ያበሽቀኛል።

ለእማዬ ነገርኳት። አለቀሰች፣ ስለጠረጠረችህ ደረቷን መታች፣ ከዚያ ደግሞ ተናደደች። «ለልቅሶ ነው ያዋሳቸው፣ ልቅሶው ካለቀ ቆየ። ሄደን እናምጣቸው» አለች። ቅዳሜ ዕለት ሄድን። ታክሲ ውስጥ ምን እንደምንል ተለማመድን፤ ማህደሩ እስኪስተካከል ብቻ ስጡን ብለን እንለምናለን፣ እምቢ ካሉ ግን እማዬ እውነቱን ታፈርጠዋለች። ማህደሩ እንዲስተካከል የጻፍኩት ማመልከቻ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

የታደለ እናት እማማ ጥሩነሽ ዘጠና ዓመት ይጠጋቸዋል፣ ዓይናቸውም ደክሟል። ልጃቸው አልማዝ ማን መሆናችንን ነገረቻቸው። የእማዬን ጥቁር ልብስ አይታ ግን ድምፅዋ መሀል ላይ ተቆረጠ። መሞትህን አልሰሙም ነበር። ዘንድሮ ፋሲካ ሳትመጣ ስትቀር ታሞ ይሆናል ብለው ሲጠብቁህ ነበር። ልንወስድ የሄድነው ሴቶች መርዶ ነጋሪ ሆነን አረፍነው። እማማ እንደ ልጃቸው ነው ያለቀሱልህ፣ እኛም አብረን አለቀስን።

ለቅሶው ሲበርድ ወደ ግድግዳው በእጃቸው አሳዩን። የታደለ ፎቶ አለ፣ ከሥሩ ጥቁር ከፋይ ላይ ሁለቱ ሜዳሊያዎችህ ተሰክተዋል። እማማ የእማዬን እጅ ይዘው ታሪኩን ማውራት ጀመሩ። «ልጄ ነው በጀርባው ተሸክሞ ያወጣው። ባልሽን ከእሳት አውጥቶ ሌላ ሊያመጣ ሲመለስ ነው የወደቀው። ባልሽ ራሱ ነው እዚችው ቁጭ ብሎ የነገረኝ። እሱ ዶሮውን ይዞ በገባ ቁጥር የታደለ ድካም ከንቱ አልቀረም እላለሁ።» ከዚያ እጃቸውን ወደ እኔ ዘርግተው ራሴን ዳበሱኝ። «ይቺም የታደለ ናት» አሉ።

እጄ ቦርሳዬ ውስጥ፣ ማመልከቻው ላይ ነበር። እማዬ ያንን ትከሻህን ስንት ዘመን አጥባዋለች፣ አሽታዋለች። ማን ማንን እንደተሸከመ ታውቃለች፤ ምላሷንም አንተ ታውቀዋለህ። ብድግ አለችና ግድግዳው ጋ ሄዳ ቆመች። ሜዳሊያዎቹን አንድ በአንድ በጣቷ ነካች። አሁን ልትናገር ነው አልኩ። በልቤ ተናገሪ የምላትም፣ አትናገሪ የምላትም እኔው ነበርኩ።

ተመልሳ እማማ እግር ሥር ተንበረከከችና ጉልበታቸውን ሳመች። «ታደለ ባይኖር እኔ ባል፣ ይቺም አባት አይኖራትም ነበር። አባቷ ሁልጊዜ ይነግረን ነበር» አለቻቸው።

አባዬ፣ አንተ አንድም ቀን አልነገርከንም።

ስንመለስ ከእማዬ ጋር ጦር ኃይሎች ወረድን። እዚያ ታክሲ ስንቀይር «ዶሮዋን ከእንግዲህ አንቺ ነሽ የምትወስጂው» አለችኝ። ሰኞ መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። ልጅቷ አገኛችሁት ወይ አለችኝ። አላገኘነውም አልኩ። እንዳለ ይቀመጥ ወይ ስትለኝ እንዳለ ይቀመጥ ብዬ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ተሸንፌ ይሁን ሌላ አላውቅም።

እማማ ጥሩነሽ ሙት ዓመቱን ሞቼ ካልሆነ አልቀርም ብለው ነበር። አልማዝ በኮንትራት ታክሲ እንደምታመጣቸው ስትደውል እማዬ በርጩማ ላይ ወጥታ ፎቶህን አወረደች። የእማማ ዓይን ቢደክምም የአልማዝ ዓይን ደረትህ ላይ ያሉትን ያያል። በምትኩ ጋቢ ለብሰህ የተነሳኸውን ትንሹን ፎቶ ሰቀልን። ዙሪያውን የድሮው ፎቶ ቦታ ነጥቶ ይታይ ነበር።

ጋሽ ታምሩ እንደገቡ አዩት። እማዬ አጠገብ ደርሰው ዝቅ ባለ ድምፅ «ደግ አደረጋችሁ፣ እውነቱ ይሻላል» አሏት። ማጽናናታቸው ነበር። አባዬ፣ እማዬ እንዲህ ተብላ ዝም ስትል በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። አንድ ቃል ተናግራ አፋቸውን ማስያዝ ትችል ነበር። እማማ ጥሩነሽ ግን አጠገቧ ተቀምጠዋል፣ እጇንም ይዘዋል። «ወጥ ይጨመርልዎት?» ብቻ አለቻቸው።

በማግሥቱ ፎቶህን መለሰችው። እማማ ወይ አልማዝ ሲመጡ ይወርዳል፣ ሲሄዱ ይሰቀላል። እድሩ ያለውን ይበል ብላለች፤ መሄድም ጀምራለች። እኔ እስካለሁ እማማ ጥሩነሽ ደጅ የፋሲካ ዶሮ አይቀርም፣ ከእሳቸውም በኋላ ለአልማዝ። ያን ታሪክ ሲያወሩልኝም እንደ አዲስ እሰማቸዋለሁ።

ማህደርህ አሁንም «የለውም» ይላል፤ ይበል። እኔ የት እንዳሉ አውቃለሁ።

ልጅህ ሰናይት