ሞሮኮ እንሂድ ብዬ ሽማግሌ ላክሁ

እሑድ

ባሌ አሁንም እምቢ አለ። «ሽርሽር የፈረንጅ ነው» ብሎ ጋዜጣውን ገለጠ። ጋዜጣው የትናንት ነው፤ ባቡር ላይ ተጥሎ ያገኘው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ የምሠራው እዚህ እንግሊዝ አገር፣ ባተርሲ፣ አንድ ትምህርት ቤት ኩሽና ውስጥ ስለሆነ እረፍቴ ከልጆቹ ጋር ነው። በጥቅምት ሃፍ ተርም በሚሉት የትምህርት አጋማሽ እረፍት አንድ ሳምንት አለኝ። ባሌ ግርማ ደግሞ አውቶቡስ ነጂ ነው፤ ያንን ሳምንት ለማግኘት የፈቃድ ፎርሙን እስከ ዓርብ ማስገባት አለበት። ካለፈ አለፈ።

ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ፈቃዳችንን የት እናሳልፍ ብለን ተነጋግረን አናውቅም። ደሴ ነው፣ እናቱ ዘንድ። ሻንጣችን የሰው አደራ ተሸክሞ፣ እግራችን አብጦ እንደርስ ነበር፤ ግን ደስ ይል ነበር። እማማ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆናቸው። አምና ፈቃድ ወጣና ሳምንቱን ሙሉ መታጠቢያ ቤቱን ቀለም ቀባ። ነጭ የነበረውን ነጭ ቀባው።

እማማ ካረፉ ወዲህ ሰውዬው ጭጭ ብሏል። ይሠራል፣ ይበላል፣ ይተኛል። ድሮ እኮ አፉ አያርፍም ነበር፤ አሁን ስቀልድበት እንኳ አይመልስልኝም። የድሮውን ግርማ መልሼ ማግኘት እፈልጋለሁ፤ ሌላ ሐሳብ የለኝም። ዘንድሮም የቀለም ቆርቆሮ ይዞ ከገባ እኔ አብዳለሁ። ሞሮኮ እንሄዳለን። ቁርጥ ነው።

ሰኞ

ነዚሃ ኩሽና ውስጥ አጠገቤ የምትሠራ ሞሮኳዊት ናት፤ አትላስ ተራራ ላይ ካለ መንደር የመጣች። ሞሮኮን እንደ በሽታ ያስያዘችኝም እሷ ናት። ዛሬ ድንች እየላጥን «ባሌን የማሳምንበት ምክንያት ስጪኝ» አልኳት። ቢላዋዋን አስቀመጠችና ጀመረች። እኔም የምሳው ዝርዝር ጀርባ ላይ ጻፍኩ፦

– አውሮፕላኑ አራት ሰዓት አይፈጅም። ደሴ ለመድረስ ሁለት ቀን ነበር የሚወስድብን።
– በአንድ ሳምንት ውስጥ ተራራ፣ የአሸዋ በረሃ፣ ውቅያኖስ፣ ደግሞም ጭራ የሌላቸው ዝንጀሮዎች የሚዘሉበት ጫካ ማየት ይቻላል። ይህ ሁሉ አንድ አገር ውስጥ!
– ቤቱ ሁሉ ሰማያዊ የተቀባ ከተማ አለ። ግርማ ቀለም ከወደደ ይኸው ቀለም።
– አረቡና አማዚጉ ተጋብተው፣ ተደባልቀው የሚኖሩበት አገር ነው። አማዚግ ማለት እነ ነዚሃ ናቸው፤ ፈረንጅ በርበር ይላቸዋል። እናቷ አረብኛ የለመዱት ካገቡ በኋላ ነው አለችኝ።
– እነ ነዚሃ እንደ እኛ የራሳቸው ፊደል አላቸው። ዘመን መለወጫቸውም የራሳቸው ነው፣ በጥር። እኛ ብቻ መስሎን ስንኮራ ነበር ለካ።
– ዓርብ ዓርብ ኩስኩስ ነው፤ አንድ ትልቅ ሳህን ከብቦ። ከዚያ ሻይ በናና፣ ስኳሩ የማያሳፍር።
– ገበያው ክርክር ያለበት ነው። እዚህ አገር የተጻፈውን ከፍሎ መውጣት ከመጣሁ ጀምሮ አልተዋጠልኝም።
– አደራ የሚያሸክመን ሰው የለም። (ይህን ራሴ ጨመርኩት።)

እራት ላይ አነበብኩለት።

«ተራራ ከሆነ ጦሳ አለ» አለ።

«ገበያስ?»

«መርካቶ።»

«ባሕርስ?»

ጉርሻውን ዋጠ። «ብራይተን።»

ልጃችን ሳሮን ጋ ደወልኩ። «ማሚ፣ ጀስት ቡክ ኢት! ሰርፕራይዝ አድርጊው» አለችኝ። ፎርሙን ማን ያስገባለታል? እዚህ አገር የተወለደ ልጅ ምክሩ ሁሉ በአንድ ጣት የሚጫን ነው የሚመስለው።

ማክሰኞ

ሐሳቡ የመጣልኝ ጠዋት አውቶቡስ ላይ ነው። ሽማግሌ! ግርማ እኔን ያገባኝ ሽማግሌ ልኮ አይደለም እንዴ? እኔስ ለምን አልልክበትም?

ከሥራ ወጥቼ ካሌዶኒያን ሮድ ሄድኩ። ጋሽ ተስፋይ ከሰዓት በኋላ የሚቀመጡበት ካፌ አለ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። አስመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ ናቸው፤ አማርኛቸው ከእኛ ይጠራል። ግርማ እንደ አባቱ ነው የሚያያቸው።

«ምን አደረገሽ፣ ልጄ? መታሽ?»

«ኧረ በፍጹም፣ ጋሼ!»

«ይጠጣል?»

«የለም።»

«ታዲያ ምን ሆነ?»

«ሞሮኮ አልሄድም አለ።»

ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ለድንበር ተቀምጫለሁ፣ ለደም ተቀምጫለሁ፣ ለፍቺ ተቀምጫለሁ። ለሽርሽር ግን ተልኬ አላውቅም» አሉ። ከዚያ ወረቀቴን ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉ። ዝንጀሮዎቹ ላይ ሲደርሱ ደግመው አነበቡት።

እሺ አሉ! ሐሙስ በአሥራ አንድ ሰዓት። እትዬ ጥሩነሽን ይዘው ይመጣሉ፤ ቤተ ክርስቲያን እሳቸውን የማያውቅ ሰው የለም። ሽማግሌ ደግሞ ሦስት ነውና ሦስተኛ ያስፈልጋል። «ያችን ሞሮኳዊት አምጪያት፤ ስለ አገሯ ከእሷ የተሻለ ምስክር ከየት እናመጣለን?» አሉ።

ረቡዕ

ጉድ ፈላ። እትዬ ጥሩነሽ ለአንዲት ሴት «ሐሙስ እንኳ አይመቸኝም፤ እነ ግርማ ቤት ለሽምግልና ተጠርቻለሁ» ብለዋል። ለአንዲት ሴት ብቻ። በቃ፣ እሱ ይበቃል።

ምሳ ሰዓት ላይ ስልኬን ቼክ ሳደርግ አሥራ አንድ ሚስድ ኮል። አንዷ «አይዞሽ እህቴ፣ እኔም አልፌበታለሁ» ብላ ድምፅ ልካለች። ሌላዋ ለብቻዬ የምኖርበት የካውንስል ቤት፣ ማለትም የዚህ አገር የቀበሌ ቤት፣ ቶሎ ብዬ አፕላይ እንዳደርግ ትመክረኛለች። ሦስተኛዋ፣ እግዜር ይይላት፣ «እኔስ ድሮም ዓይኑን አልወደውም ነበር» ትላለች። ይህን ሁሉ ዓመት ቤቴ እየበላች በግርማ ዓይን ውስጥ ምን ስታይ ኖራለች?

ግርማም ሰምቷል። አውቶቡሶቹ የሚያድሩበት ጋራዥ ውስጥ ሦስት ሐበሻ ሾፌሮች አሉ። ቤት ስገባ ዕቃው ታጥቧል፣ ምንጣፉ ተጠርጓል፣ ሩዝ ተቀቅሏል። ሩዙ ገንፎ ሆኗል። «ጨው በዛበት?» ብቻ አለ።

ልነግረው አሰብኩና ተውኩት። ሽማግሌ የያዘው ነገር እስኪታይ አይነካም ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። አሳዘነኝ። እውነቱን ለመናገር ግን በጥቂቱም ቢሆን ደስ ብሎኛል፤ እኔን ማጣት የሚያስፈራው ሰው አሁንም እዚያ ውስጥ አለ ማለት ነው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ሐሙስ

መጡ። ጋሽ ተስፋይ በከረባት፣ እትዬ ጥሩነሽ በነጠላ፣ ነዚሃ ራሷ የጋገረችውን ብስኩት ይዛ።

ግርማ «ተቀመጡ እንጂ» አለ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ተስፋይ። ነዚሃ ልትቀመጥ ስትል እትዬ ጥሩነሽ ክንዷን ይዘው አስነሷት። ግርማ እጁን አጣምሮ መሬት መሬት ያያል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ልጅ ግርማ፣ የላከችን ሚስትህ ናት።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ። ጥፋቴን ይንገሩኝና እግሯ ላይ እወድቃለሁ።»

«ጥፋትህ ሞሮኮ አልሄድም ማለትህ ነው።»

ግርማ እኔን አየ። ነዚሃን አየ። «ለእሱ ነው?» አለ።

«ለእሱ ነው» አልኩ።

ሽማግሌ ቆሞ እሱ ሶፋው ላይ ዘጭ አለ። ሳቀ፣ ሳቀ፣ እንባው እስኪመጣ። እኛም ሳቅን። በኋላ ሳቁ ቆመ፤ እንባው ግን አልቆመም።

«ለእኔ ፈቃድ ማለት እናቴ ነበረች» አለ። «አውሮፕላን ውስጥ ስገባ እዚያ ማዶ ቆሞ የሚጠብቀኝ ሰው አለ። አሁን ማንም የማይጠብቀኝ አገር ሄጄ ምን ልሁን? ተራራ አይቼ ልመለስ?»

ስምንት ምክንያት ስጽፍ የእሱን አንድ ምክንያት አልጠየቅሁትም። እልህ መስሎኝ ነበር። ስንፍናም መስሎኝ ነበር። በጣም አፈርኩ።

ነዚሃ «ምን አለ?» ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ስልኳን አውጥታ ደወለችና ወደ ግርማ አዞረችው። አንዲት አሮጊት ብቅ አሉ፤ ሻሽ ያሰሩ፣ እንደ እኛ አገር እናቶች አገጫቸው የተነቀሰ። እናቷ ናቸው። ግርማ ስልክ መሆኑን ረስቶ ብድግ አለ። ብድግ ብሎ ጎንበስ አለና እጅ ነሳ።

ሴትዮዋ በቋንቋቸው ረጅም ነገር ተናገሩ። ነዚሃ እየሳቀች ተረጎመች። «ይሄ ረጅሙ ሰውዬ ማነው ትላለች። በጥቅምት ፖሙ ይለቀማል፤ ወንዶቹ ልጆቿ ሁሉ ከተማ ናቸው። የላይኛው ቅርንጫፍ ጋ የሚደርስላት አጥታ ለወፍ እየቀረ ነው። መቼ ነው የሚመጣው? አልጋ ላንጥፍ? ትላለች።»

ግርማ ስልኩ ከተዘጋ በኋላም እንደቆመ ቀረ። ጋሽ ተስፋይ «በል እሺ በለን፤ እግራችን ደከመ» አሉት።

«ላስብበት፣ ጋሼ።»

ላስብበት ከእምቢ ይሻላል ተብሎ ተቀመጡ፣ ብስኩቱም አለቀ። እትዬ ጥሩነሽ ለዚያች ሴት ዛሬውኑ ደውለው እንደማንፋታ ሊነግሯት ቃል ገብተዋል።

ዓርብ

ቀኑን ሙሉ ስልኬን ሳይ ዋልኩ። የልጆቹን ዓሣ አንድ ትሪ ሙሉ አሳረርኩ። ነዚሃ ተቆጣጣሪያችን ሳታየው ደበቀችልኝ።

አሥራ አንድ ተኩል ላይ ገባ። ጫማውን አወለቀ። ስለ ፎርሙ ልጠይቀው ስል ቀጥ ብሎ መኝታ ቤት ገባ፤ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ። ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ አንድ ፌስታል አውርዶ ይዞ መጣ። ውስጡ ሹራብ ነው፤ ወፍራም፣ ወይን ጠጅ፣ የሴት። የሱቁ ወረቀት ገና አልተቆረጠም። ለእማማ የገዛው ነው፤ ሳይደርስላቸው የቀረ። እዚያ ላይ መኖሩን እንኳ አላውቅም ነበር።

ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ እጅጌውን በመዳፉ አስተካከለ።

«የነዚሃ እናት ልካቸው ይመስልሻል? ተራራው ላይ ይበርዳል አሉ።»

«ልካቸው ነው» አልኩት። እኔም ያየኋቸው በስልክ ነው፤ ግን ምን ልበል?

«ባዶ እጅ አይገባም እኮ።»

«አይገባም።»

«ፎርሙን ጠዋት አስገብቻለሁ። ሌላም ሾፌር ያንኑ ሳምንት ጠይቋል አሉ። መልሱ ሰኞ ነው።»

አቅፌው አለቀስኩ። «አሁን ደግሞ ምን ያስለቅስሻል? ሰው ሽማግሌ ልኮ ሲሳካለት ያለቅሳል?» ይለኛል። እየቀለደብኝ ነው። ግርማ እየቀለደብኝ ነው!

ሰኞ እምቢ ቢሉትስ? እንጃ። ያን ጊዜ ደግሞ ማናጀሩ ጋ ሽማግሌ ይላካል። ሹራቡን ግን አጥፎ ሻንጣው ውስጥ አስቀምጦታል።