አዲሱ ደም ስሬ

ጥር 14
ዛሬም የኩላሊት እጥበት። እንደ ወትሮው በአንገቴ ቱቦ። አዲስ አበባ ክንዴ ውስጥ የከተቱልኝ ሰው ሠራሽ ደም ስር ገና አልተነካም። ክንዴ አብጧል፣ ቀልቷል።
ነርሱ እንድርያስ፣ "ቲቸር፣ አይፍሩ፤ ሰውነት ባዕድ ነገር ሲያገኝ እንዲህ ነው። ሥጋዎ ዙሪያውን ሳይዘው መርፌ አንሰካም" አለኝ።
ከጎኔ የሚታጠበው ናስረዲን ግን በክንዱ ነው። የኔ ለምን ይቆያል? የተበላሸ ነገር ከተውብኝ ይሆን?

ጥር 17
እጥበቱ መሃል አንቀጠቀጠኝ። ብርድ ልብስ ደረቡልኝ። ባሌ ሆሴዕ በሩ ላይ ከእንድርያስ ጋር በሀዲይኛ ያወራል። ሆሳዕና ተወልጄ፣ የሱ ሚስት ሆኜ፣ ቋንቋውን ከሰላምታ አላለፍኩም። አንድ ቃል ግን ለየሁ... "ኢንፌክሽን"።
ባጃጅ ውስጥ ጠየቅኩት።
"ስለ ሌላ በሽተኛ ነው።"
ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

ጥር 19
ክንዴን ስዳስስ ዋልኩ። እብጠቱ ቀንሷል። ከቆዳዬ ስር ግን እንደ ገመድ ጠንክሯል። ሥጋዬ እየያዘው ነው ወይስ እየበሰበሰ? ሆሴዕ "ደህና ነሽ" ይላል። ደህና ከሆንኩ ጃጁራ ያሉት እህቶቹ ዛሬ ሁሉም ለምን ደወሉ?

ጥር 24
እንድርያስ መርፌ ይዞ መጣ። "ዛሬ በክንድዎ እንጀምር።"
"አይነካም! ሌላ ሐኪም ይየው።"
"ባይዘገይ ጥሩ ነበር፣ ቲቸር..."
እስከ ዛሬ ይቆዩ ሲለኝ ከርሞ አሁን ምን አስቸኮለው? በአንገቴ ታጠብኩ። ሆሴዕ ተቆጣኝ። ዓይኑ ግን እንባ አቅርሯል። ምን ያውቃል?

ጥር 25
ትኩሳት። መጻፍ አልቻልኩም...

ጥር 29
ሆስፒታል ተኝቻለሁ። ሌላ ሐኪም፣ ዶክተር ፀደንያ፣ ክንዴን በአልትራሳውንድ አየችው። ስክሪኑን ወደኔ አዞረች።
"ደሙ በደንብ ይሄዳል። ሥጋሽም ጥሩ አድርጎ ይዞታል። ኢንፌክሽኑ ያለው የአንገትሽ ቱቦ ላይ ነው። አልነገሩሽም?"
ሆሴዕ አቀረቀረ። "እንዳትደነግጪ ብዬ... ክንድሽ እስኪደርስ በእጥበቱ የሚሰጡሽ የኢንፌክሽን መድኃኒት ያቆይሻል አሉኝ። እንዳይነግሩሽ የለመንኳቸው እኔ ነኝ።"
"ክንዴ የተበላሸ መስሎኝ እኮ ነው መርፌውን የከለከልኩት! ልትገለኝ ነበር፣ ሆሴዕ።"


የካቲት 3
የአንገቴ ቱቦ ወጣ። ዛሬ በክንዴ ታጠብኩ። መርፌው ሲገባ ጮህኩ። ሲያልቅ እንድርያስ ነቅሎ ቀዳዳው ላይ ፋሻ አደረገ።
"ባለቤትዎ ይጫኑልዎት?"
"ራሴ እይዘዋለሁ።"
ጫን አድርጌ ቆየሁ። ሳነሳው ደሙ ቆሟል።
ቤት ስንደርስ ሆሴዕ ሳልጠይቀው፣ "ዶክተሯ የክንድሽ ደም ስር አንድ ቀን ሊዘጋ ይችላል ብላለች" አለኝ።
ፈራሁ። ግን አመንኩት።