እኛን ሳትጠይቁ እምቢ ስላላችሁልን ብሌን

ለተከበሩ አቶ አንዳርጋቸው
የዐይን ሕክምና ማዕከላችን የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሕር ዳር

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? የሰባቱ የኮሚቴ አባላት ጤናስ? በተለይ የዐይናችሁን ጤና ከልብ እመኛለሁ። እኔ በቀኝ ዐይኔ ብርሃንን ከጨለማ ከመለየት በቀር ምንም ሳላይ ስድስት ዓመት ሆኖኛል፤ ይህን ደብዳቤም በግራው፣ በአጉሊ መነጽር እየታገዝሁ ነው የጻፍሁት።

አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው ይህ ነው። የዐይን ብሌን እንደ ሰዓት መስተዋት ነው፤ ጠባሳ ከያዘው ከሥሩ ያለው ዐይን ደህና ቢሆንም ብርሃን አያሳልፍም። እስካሁን መፍትሔው ከሟች የተለገሰ ብሌን መተካት ሲሆን ለጋሹ ጥቂት፣ ተራ ጠባቂው ብዙ ነው። ባለፈው መስከረም አንድ የተመራማሪዎች ቡድን፣ ከዐሣማ ቆዳ ተጣርቶ በወጣ ኮላጅን በሚባል ፕሮቲን የተሠራ ብሌን ይዞ፣ ከእኛ መካከል አሥራ ሁለት ሕመምተኞችን በሙከራው ለማካተት ኮሚቴዎን ጠየቀ። ሙከራ ነው፤ ሊሳካም ላይሳካም ይችላል። ኮሚቴዎ በጥር ወር «የአካባቢው ሕዝብ ሃይማኖታዊ ስሜት አይፈቅድም» ብሎ መለሰ። ቡድኑም ሐሳባችሁን ብትለውጡ እስከ ሰኔ ሠላሳ እንደሚጠብቅ አስታወቀ።

እንግዲህ ምስጋናዬን ተራ በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ይህን ሁሉ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል፣ ለዐይን ሕመምተኞች ስለ ለጠፋችሁልን አመሰግናለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ባዮሎጂ ሳስተምር የዐይንን ሥዕል ከመጨረሻው ወንበር እንዲታይ አድርጌ በጠመኔ ስሥል ኖሬአለሁ፤ ለካ ያን ያህል መድከም አያስፈልግም ነበር።

ሁለተኛ፣ ነፍሳችንን ስለ ጠበቃችሁልን አመሰግናለሁ። የነፍስ አባት ያለንም፣ ዐሊም ያለንም ሰዎች ነን፤ ሥራቸውን ደርባችሁ መያዛችሁን ግን ለእነርሱ የነገራቸው የለም።

ሦስተኛ፣ አራት ወር የፈጀውን ስብሰባችሁን አደንቃለሁ። እኔ የፈጀብኝ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ ከሁለት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ተኩል። በቀጠሮ ቀን አግዳሚ ወንበሩ ላይ የተቀመጥነው ብሌን ጠባቂዎች እኔን ጨምሮ አሥራ አራት ነበርን። ብሌኑ ከምን እንደ ተሠራ አንድም ሳልደብቅ ነግሬአቸው፣ «አዎ»፣ «አይሆንም»፣ «ጠይቄ ልወስን» የሚል ወረቀት አስሞላሁ። ዘጠኛችን አዎ አልን፣ ሦስቱ ጠይቀን እንወስናለን አሉ፣ ሁለቱ አይሆንም አሉ።

ከደሴት ገዳም በጀልባ የመጡት መሪጌታ ገብረ ሕይወት ጥያቄዬን ሲሰሙ ሳቁ። «ልበላው ነው እንዴ? ላይበት ነው እንጂ! ድጓውን በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ተማሪዎቼ የሚጽፉትን የዜማ ምልክት ግን ማን ያርምልኝ?» አሉ። የወረታው ጨርቅ ነጋዴ ሐጂ ሙሀመድሰዒድ «ሐላልና ሐራሙን የምጠይቀው ዐሊም አለኝ፤ ኮሚቴው ዐሊም የሆነው መቼ ነው፣ መምህርት?» ብለው «ጠይቄ ልወስን» ላይ አሻራቸውን አሳረፉ። የመሸንቲው ገበሬ አቶ ወልደ ጻድቅ ደግሞ እምቢ ካሉት አንዱ ናቸው። «አልፈልገውም፣ እትዬ። ስለ ጠየቅሽኝ ግን እግዜር ይስጥልኝ፤ እዚህ ቤት ስመላለስ ምን ትፈልጋለህ ያለኝ የለም» አሉኝ። እምቢታቸውን አከበርሁት፤ የራሳቸው ነውና። የእናንተ እምቢታ ግን የማን ነው?

አራተኛውን የምጽፈው እያፈርሁ ነው። ጎረቤት ሞቶ ለቅሶ ስቀመጥ፣ ሳላስበው የሟቹን ዐይን አስባለሁ። አብሬው የኖርሁትን ሰው ሞት እንደ ተራዬ መቍጠር ጀምሬአለሁ። ከዚህ ሐሳብ ሊያወጣኝ የሚችለውን አንድ በር፣ ለእኔ በማሰብ ዘጋችሁብኝ። ግራው ዐይኔም እየደፈረሰ ነው፤ ሐኪሜ እንደ ነገረኝ ከሆነ የከርሞውን ደብዳቤ ሌላ ሰው ነው የሚጽፍልኝ።

ስለዚህ ዝም አልልም። የአሥራ አራታችን ወረቀት ከዚህ ጋር ተያይዟል፤ ቅጂውም ለተመራማሪዎቹ ተልኳል። መልስ እስካገኝ ድረስ በየማክሰኞው አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ፣ የሚመጣውን ሕመምተኛ ሁሉ እጠይቃለሁ።

ለእኛ ሲሉ እኛን ላለመስማት ላሳዩት ጥንቃቄ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ፤

ወለተ ሩፋኤል ቃለ ሕይወት
ጡረተኛ የባዮሎጂ መምህርት፣ በማዕከላችሁ ተራ ጠባቂ ቁጥር ሰማንያ ሰባት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከተያያዙት ወረቀቶች አሥራ አምስተኛው ባዶ ነው፤ የእርስዎ ነው። አንድ ዐይንዎን በእጅዎ ሸፍነው፣ በሌላው ዐይንዎ በቀጭን ነጠላ ውስጥ እያዩ፣ ለራስዎ ምን እንደሚመርጡ ምልክት ያድርጉበት። ከዚያ ሰኔ ሠላሳ ሳይደርስ፣ እባክዎ በትልልቅ ፊደል ጽፈው፣ ማንበብ እየቻልሁ ሳለሁ በቶሎ ይመልሱልኝ።