ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም ክላክስ

ሚያዝያ 28
ዝናብ። ጎመን ተከልኩ። ሄርሜላ ከአዲስ አበባ ደወለች። የአውሮፕላን ትኬት ቆርጣልኛለች፤ ከጅማ!
«እማ፣ መውለጃዬ ደርሷል። ባለቤቴ ሩቅ አገር፣ ሎጊያ ሥራ ላይ ነው። ብቻዬን ነኝ እኮ።»
በአውቶቡስ እመጣለሁ ብላት ጮኸችብኝ። ለአንዲት ልጄ እኔ ካልደረስኩ ማን ይደርስላታል? ግን የአውቶቡስ ሹፌር ሚስት ሆኜ በሰማይ... ወልደሥላሴ ቢኖር በሳቅ ይሞት ነበር።

ግንቦት 2
ትኬቱን በስልክ ላከችው። ሜይ 20 ይላል። ሜይ ግንቦት ነው። ግንቦት 20። እሰይ፣ ጊዜ አለኝ! ማንኪራ ገጠር ያሉት ንብ አናቢው ጋሽ ተክለጻድቅ ነጩን ማር ከዛፍ ቀፎ የሚቆርጡት በ17 ነው። ያለ እሱ የአራስ ገንፎ ምኑ ገንፎ ነው? ባዶ እጄንማ አራስ ቤት አልገባም።

ግንቦት 6
ሻንጣ ስፈልግ የወልደሥላሴ ካፖርት ወጣ። አሁንም ናፍጣ ናፍጣ ይላል። ሸተትኩት... ቁጭ ብዬ ሸተትኩት።
ከአዲስ አበባ ሲመለስ ከታች ከመታጠፊያው ክላክስ ያደርግ ነበር። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። እግሬን የምታጠብበት ውሃ ጣጂ ማለቱ ነው። ከሞተ ወዲህ ለማን ልጣድ?
አብሬው ስሄድ ደግሞ ከኋላው እቀመጣለሁ። ጊቤ ስንደርስ ሙቀቱ ሲያቃጥለኝ በመስታወቱ እያየኝ፦ «አይዞሽ እመቤቴ፣ ዳገቱን ስንወጣ ነፋስ አለ።» ናፈቀኝ። በቃ፣ ናፈቀኝ። ያንን ሁሉ መንገድ በላዩ ዘልዬው ልሄድ ነው?

ግንቦት 11
ጉድ! ጉድ!
ቦታዬ መስኮት ዳር መሆኑን እንድታይልኝ ትኬቱን ለጎረቤቴ ለዝማሬ አሳየኋት። ዞን ቢሮ ነው የምትሠራው። አየችው። ደግማ አየችው።
«እትዬ ተሾመች፣ ይሄ እኮ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በእኛ ግንቦት 12 ነው።»
«እና?»
«ነገ ነዋ!»
ዕድሜዬን ሙሉ ሰሌዳ ላይ ቀን ስጽፍ የኖርኩ አስተማሪ! አፈርኩ። ማሩስ? ገና ዛፍ ላይ ነው። ሐዲስ ጋ ደወልኩ። የወልደሥላሴ ረዳት ነበር፤ ዛሬ እሱም የአዲስ አበባ መስመር ሹፌር ሆኗል።
«እርስዎ ይሂዱ እትዬ። ማሩን ተቀብዬ እኔ አደርሳለሁ» አለኝ። ባረክሁት። ግን ባዶ እጄን...

ግንቦት 12፣ አዲስ አበባ
ደረስኩ። ሲነሳ ዓይኔን ጨፍኜ ማርያምን ስጠራ አጠገቤ ያለው ሰውዬ ሳቀብኝ። ይሳቅ።
ዓይኔን ስገልጥ ታች ወንዝ አለ። «ጊቤ ነው» አለኝ ሰውዬው። ከጎኑ መንገዱ ይጠማዘዛል። ያ ሁሉ ዳገት ይቺ ናት? ወልደሥላሴ ስንት ዘመን ላቡን ያፈሰሰባት? ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ሰውዬው ሳቁን ትቶ ሶፍት ሰጠኝ።

ግንቦት 14
ሴት ልጅ! እልልልል! እጄን ሳትለቅ ወለደች። አሁንም ጣቴ ያመኛል። በ20 ብመጣ ኖሮ... አላስበውም።

ግንቦት 19
ገንፎው በሱቅ ማር ተበላ። ሄርሜላ ጣፈጠኝ ትላለች፤ እኔ ግን እያፈርኩ ነው የማጎርሳት።
ቤቷ አየር ጤና፣ አስፋልቱ ዳር ነው። መኪናው ሁሉ ሲጮህ ነው የሚውለው፣ ለምጄዋለሁ። ከሰዓት የሕፃኗን ልብስ ሳጥፍ... ሁለት አጭር። አንድ ረጅም።
ሳላውቀው ተነስቼ ውሃ ጣድኩ።
«እማ፣ ውሃው ለምንድን ነው?» አለች ሄርሜላ። ወዲያው በሩ ተንኳኳ። ሐዲስ ነው፤ የማሩን ባልዲ አቅፎ፣ አቧራ በአቧራ ሆኖ።
«ክላክሱን አልረሳሁትም እትዬ» አለ።
«ግባ» አልኩት፤ «ውሃው ሞቋል። እግርህን ታጠብ።»