በክር የታሰረው ወረቀት

አቃቂ፣ ምድር ባቡር ግቢ
ማክሰኞ፣ መጋቢት 28 ቀን 1991 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለለተብርሃን፣ አስመራ።

ለተዬ፣ ሰሞኑ ሕማማት ነውና አልስምሽም፣ እንደምን ነሽም አልልሽም። ከስድስት ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ቃሌ ሰላምታ የሌለበት መሆኑ ከብዶኛል። አንቺ ይህን ስታነቢው ግን ፋሲካው ያለፈ ነው፤ ያን ጊዜ ሁለቱንም ጉንጭሽን እንደሳምኩሽ ቁጠሪልኝ።

ደብዳቤውን የሚወስደው ሮሪሳ ነው፣ ቲኬት ተቆጣጣሪው። አሁን ሸብቷል። ፖስታ ቤት ወደ እናንተ የሚሄድ ነገር አይቀበልም፣ ስልኩም ተቆርጧል። ሮሪሳ በባቡሩ ጅቡቲ ድረስ ይዞት ሄዶ ለሚያውቀው ነጋዴ ይሰጠዋል፣ ነጋዴው ደግሞ ወደ እናንተ ለሚመጣ ሰው። «ቃል አልገባም እትዬ የሺ፣ ፍተሻ አለ» አለኝ። «ካልሲዬ ውስጥ ነው የምደብቀው። ሽታውን ግን እኚያ ሴትዮ ይቅር ይበሉኝ።» እንግዲህ ወረቀቱ ቢሸትሽ የኔ እንዳይመስልሽ።

ጽሕፈቴን አይተሽ አትሳቂ። ፊደል ያስቆጠርሽኝ አንቺ ነሽ። በመሠረተ ትምህርቱ ጊዜ «የሺ፣ እርሳሱን እንደ ማማሰያ አትያዢው» ትዪኝ ነበር። ዛሬም እንደ ማማሰያ ነው የምይዘው። ከጠዋት ጀምሬ እዚህ ድረስ ብቻ ነው የጻፍኩት።

ቤታችሁ እንዳለ ነው። ሌላ ሠራተኛ ገብቶበታል። በአጥሩ ላይ ያሳደግሽውን በለስ አዲሶቹ ሰዎች «የሻዕቢያ እሾህ» ብለው ቆረጡት። ከሥሩ እንደገና አቆጠቆጠ። እኔ እያጠጣሁት ነው ብልሽ ደስ ይለኝ ነበር፤ አላጠጣሁትም፣ ራሱ ነው የበቀለው። ባቡሩ አሁንም ያልፋል፣ ሲያሰኘው ይዘገያል። አንዳንዴ ከድልድዩ ወዲያ ሁለቴ ሲጮህ «ዘርአይ መጣ፣ ለተ ሽሮዋን ትጣድ» እላለሁ። ያንቺ ባል ነጂ፣ የኔው ነፍሱን ይማረውና ፍሬን ያዥ፤ በዘገዩ ቁጥር ጣቢያው አግዳሚ ላይ አንድ ጋቢ ለሁለት ተከናንበን ስንጠብቃቸው ትዝ ይለኛል። ያን ጊዜ አንቺ ከየት እንደሆንሽ፣ እኔ ከየት እንደሆንኩ የጠየቀን ሰው አልነበረም። እኛም አልተጠያየቅንም።

አሁን የምልሽን ልብ ብለሽ ስሚኝ።

ይህ ደብዳቤ ሁለት ወረቀት ነው። አንደኛው ይኸው የያዝሽው ነው። ሁለተኛውን አጥፌ በነጭ ክር አስሬዋለሁ። ክሩን ብቻሽን ሆነሽ አትፍቺው። ልጅሽ ዙፋን ባለችበት ቤትም አትፍቺው። የምታምኛቸውን ሁለት ሦስት ሴቶች ጥሪ። ከእነሱ አንዷ ጠንካራ ትሁን፣ ሰው መያዝ የምትችል። ውሃ አስቀምጪ።

ይህን ስልሽ ሳትፈቺው ግማሹን እንደተረዳሽው አውቃለሁ። ቢሆንም ቆይ በይ። እንደ ወጋችን ጎህ ሳይቀድ ሽማግሌ ልኬ፣ በርሽን አስንኳኩቼ፣ የሚደግፍሽ ሰው ከጎንሽ አቁሜ ልነግርሽ አልችልም። በመካከላችን ጦር አለ። እኔ ያለኝ ክር ብቻ ነው።


ረቡዕ፣ መጋቢት 29

ለተዬ፣ ሴቶቹ መጥተዋል? እንግዲያውስ ተቀመጪ።

ሳህሌን አጥተነዋል። ልጄን፣ የልጅሽን ባል። በየካቲት አጋማሽ፣ ባድመ ግንባር።

የነገረኝ ኦላና ነው፣ በባቡር ጥገናው አብሮት ይሠራ የነበረው፣ አብሮትም የዘመተው። እግሩን ቆስሎ ተመለሰ። ክራንቹን ደጃፉ ላይ አስደግፎ «እትዬ፣ ዛሬ ምሳ ከእርስዎ ጋር ልብላ» አለኝ። በላ። ላስታጥበው ብዬ ውሃ ይዤ ስቀርብ እጁን መዘርጋት አቃተው።

«የት ነው ያለው?» አልኩት።

«እዚያው ነው።»

«ቁስለኛ ነው?»

«አይደለም፣ እትዬ።»

ከዚያ ወዲያ አልጠየቅኩትም። እሱ ግን ጥቂት ነገረኝ። ሳህሌ ምሽግ ውስጥ ሆኖ ተራራውን እያሳየ «ከዚያ ማዶ አስመራ ስንት ኪሎ ሜትር ይሆናል?» ይል ነበር አለ። ጓደኞቹ «ይሄ ሰው አማቱ ቤት ምሳ ሊበላ ነው የዘመተው» እያሉ ይስቁበት ነበር። እሱም አብሮ ይስቅ ነበር አለኝ።

ሰው ሁሉ ያሳዝነኛል ለተዬ። ከዚያ ማዶ የተኮሰው የማን ልጅ ይሆን? ይህን የምለው አንቺን ለማስደሰት አይደለም። አንዳንድ ቀን እረግመዋለሁ፣ አንዳንድ ቀን እናቱ ትታየኛለች፣ አንቺን መስላ።

አሁን ሳህሌ ወደ ቤት ይመጣል። አብዳለች እንዳትዪኝ። በቀትር ነው የሚመጣው። የፋብሪካው ፊሽካ ለምሳ ሲነፋ በጓሮ በር ይገባል፣ በርሜሉ ጋ ቆሞ እጁን ይታጠባል። የሞተር ግራሶው አይለቅለትም፤ ይፈትጋል፣ ይፈትጋል። ፊቱን ወደ እኔ አያዞርም። «እማዬ፣ መቼ ነው የነገሩሽ?» ይለኛል። ውሃው ሲንጠባጠብ ይሰማኛል። ወጥቼ ሳይ በርሜሉ ደረቅ ነው። ስለዚህ በምሳ ሰዓት ቤት መቀመጥ ትቻለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር እቆያለሁ። ስመለስ ፎጣው ቦታውን ለውጦ አገኘዋለሁ።

ለምን ይህን እንደሚጠይቀኝ ላንቺ መናገር አለብኝ። ዙፋን ነግራሽ እንደሆነም አላውቅም። ከእኔ ስሚው።

በነሐሴ፣ ፍልሰታ ውስጥ፣ ሐሙስ ቀን ነው። ዙፋን ከሥራ ሳትመለስ አድራ ነበር፣ ሳህሌም ለጥገና ድሬዳዋ ሄዷል። የእድሩ ሴቶች እኔ ቤት ተቀምጠው ነበር። ከፖሊስ ጣቢያው ፊት ሻይ የምትሸጠው ዲንቄ እየሮጠች ገባች። «እትዬ የሺ፣ ዙፋንን ይዘዋታል። ቤት ያለው ዋስ ይምጣልኝ ብላለች። ዛሬውኑ ይምጡልኝ ብላለች።»

ወርቅነሽ፣ የእድራችን ሰብሳቢ፣ የመጨረሻ ልጇን ለዘመቻ የሸኘች ሰሞን ነበር። «ዋስ? ለሻዕቢያ ልጅ?» አለች። «ሂጂ እንጂ የሺ፣ ፈርሚላት። ከዚያ እኛ ደግሞ ላንቺ ዋስ ፍለጋ እንዞራለን!»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ ለተዬ።

«የልጄ ጣጣ ነው፣ ሲመጣ ይጨርሰው» አልኳት ዲንቄን። ልጅቷ እኔን እኔን እያየች ወጣች።

ፈርቼ ነው ብልሽ ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን ባንቺ ላይ የነበረኝ ቂም ነው። ከስድስት ዓመት በፊት፣ ለኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ ካርድ ልታወጡ ስትሄዱ፣ የዙፋንን ጸጉር የሠራሁላት እኔ ነበርኩ። እንደ ሠርግ ነበር የመሰለኝ። ማታ ከበሮ እየመታችሁ ተመልሳችሁ «ሓፍተይ፣ እህቴ፣ ሀገር አገኘን!» ብለሽ አቀፍሽኝ። እኔ ደግሞ «እስከዛሬስ የት ነበርሽ?» አልኩሽ። ክንድሽን ከትከሻዬ አነሣሽ። ከዚያ ቀን ወዲህ በጋቢ የቆየነውን ሁሉ እንግድነት አድርጌ ቆጠርኩት። ሻንጣሽን ዘግተሽ ስትሄጂ የዙፋንን እጅ እጄ ላይ አስቀምጠሽ «አደራ» ስትዪኝም አንገቴን ነቀነቅኩ እንጂ ቂሜን አልጣልኩም። እዚሁ ባቡር ግቢ የተወለደችውን ልጅ ያ ካርድ የውጭ ሰው ሲያደርጋት፣ ከልቤ አንዱ ጥግ «እናትሽ የፈለገችው ይህን አይደል?» ብሎ ነበር። ለአንቺ የያዝኩትን በልጅሽ ተወጣሁት።

አርብ ቀን ሥራ አልነበረኝም። ቁጭ ብዬ በርበሬ ስቀነጥስ ዋልኩ። ቅዳሜ ጠዋት ብርድ ልብስና የቤቱን ካርታ ይዤ ሄድኩ። ግቢው ባዶ ነው። አንድ ፖሊስ ብቻ ጥላ ሥር ተቀምጧል።

«ትናንት ከሰዓት በአውቶቡስ ወደ ድንበር ሄዱ» አለኝ።

«ትናንት ጠዋት ብመጣ ዋስነቴን ትቀበሉኝ ነበር?»

ቀና ብሎ አየኝ። «እናቴ፣ ብርድ ልብሱን ይዘው ወደ ቤትዎ ይመለሱ።»

መልሱ ይህ ብቻ ነው። ይቀበሉኝ እንደሆነ እስከዛሬ አላውቅም።

ሰኞ ሳህሌ መጣ። ባዶውን ቤት አየ። «እማዬ፣ መቼ ነው የነገሩሽ?» አለኝ። «ቅዳሜ» አልኩት። «ከሄደች በኋላ ነው የሰማሁት።» እንደገና ጠየቀኝ፣ እንደገና ዋሸሁት። አቀፈኝ። «አንቺ ምን ታደርጊ» አለኝ። በመስከረም ለዘመቻ ተመዘገበ። እግሩ ላይ ወድቄ ስለምነው «ወደ እሷ የሚሄደው መንገድ ሁሉ ተዘግቷል፣ ይሄ አንዱ ብቻ ነው የቀረው» አለኝ። ለመግደል አልነበረም የሄደው። እንደ ሞኝ ተሻግሬ አገኛታለሁ ብሎ ነው። ይህን ለዙፋን ንገሪያት። ባሌ ጦር ይዞ መጣብን ብላ እንዳታስበው።

ስለ መርዶው ነው አሁን የምልሽ። እስካሁን ድንኳን አልተከልኩም። የምናውቀው እኔና ኦላና ነን። ሚስቱ ሳትረዳ እኔ ጮኼ ብወጣ፣ ወሬው በሌላ በኩል ዞሮ በገበያ መሐል ይደርሳታል ብዬ ፈራሁ። በዚያ ላይ ስትሄድ የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። በእኔ ቁጥር በየካቲት መጨረሻ ትወልዳለች፣ እሱ በወደቀበት ሰሞን። አራስ አይረዳም። ወንድ ከሆነ ክርስትናው በአርባ ቀን ነው፣ ሴት ከሆነች በሰማንያ። የቱ እንደሆነ አላውቅም። አያቱ ሆኜ እንኳ አላውቅም ለተዬ። ስለዚህ በሰማንያው ቆጠርኩት፣ ቢዘገይ ብዬ ሳምንት ጨመርኩበት። ግንቦት 28 ቅዳሜ ላይ አረፈ። እስከዚያ ደስ ብሏት ታጥባው፣ አጥሚቷን ትጠጣ።

ያን ቀን ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሂዱባት። ሕፃኑን አስቀድማ አንዷ ሴት ትቀበላት። ደረቷን እንዳትመታ እጇን ያዙልኝ፣ ጡት እያጠባች ነው። እኔም በዚያው ሰዓት እዚህ እወጣለሁ። ወርቅነሽ ከእድሩ ሴቶች ጋር ትመጣለች። «የሚስቱን ስም እዚህ እንዳታነሺ፣ ድንኳኑን ጥለን እንሄዳለን» ትለኛለች፣ አውቃታለሁ። ይሂዱ። እኔ ልጄን የዙፋን ባል እያልኩ ነው የማለቅሰው። ያን ሐሙስ የሆነውንም ሳይሄዱ በፊት እነግራቸዋለሁ፣ እሱም ይስማኝ።

ይቅር በይኝ አልልሽም፣ በወረቀት የሚጠየቅ አይደለም። ዙፋን ስለ እኔ ከጠየቀችሽ ግን አትዋሺላት። በእኔ ይብቃ።

ልጁን እግዚአብሔር በጤና ያሳድግላችሁ። ለዘርአይ ዕድሜ ይስጠው። ላንቺ ጉልበት ይስጥሽ፣ ያን ቀን ያስፈልግሻል።

አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያስጨንቀኝ፤ ወረቀቱ ካልደረሰ። መልስ ሊመጣልኝ አይችልምና መድረሱን ሳላውቅ ነው ያን ጠዋት የምነሣው። እኔ እዚህ እጮኻለሁ፣ እሷ እዚያ ልጇን ጸሐይ ላይ ይዛ ወጥታ፣ አባትህ ሲመጣ እያለች ታጫውተዋለች።

የሺሐረግ
የሳህሌ እናት